የአያት ልብስ ስፌት ቤት በቅርስነት ይመዘገባል ወይ?

ጥያቄውን ያቀረቡት እኅት ያሉት ባጭሩ ይህ ነው። አያታቸው በ1948 ዓ.ም. አራዳ ውስጥ የወንዶች ልብስ ስፌት ቤት ከፈቱ። አያት በ1979 ዓ.ም. ሲያርፉ ሥራውን የጠያቂዋ አባት ያዙት፤ እሳቸውም አሁን 74 ዓመታቸው ነው፣ እጃቸውም መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ሱቁ የቀበሌ ቤት ሲሆን አካባቢው ለልማት እንደሚነሣ ተነግሯቸዋል። አሜሪካ የሚኖሩት ወንድማቸው «ያለው ይሸጥና እንካፈል» ይላሉ። ጠያቂዋ ግን «ሰባ ዓመት ያህል የቆየ ቤት ቅርስ አይደለም ወይ? የሚመዘግብልንስ ማን ነው? ከቤቱ ውስጥስ ምን ምኑን እናስቀር?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

ይህን መሰል ጥያቄ ይዘውልኝ የሚመጡ ቤተሰቦች ጥቂት አይደሉም፤ በተለይ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ የፒያሳ አሮጌ ሱቆች በኮሪደር ልማቱ ሳቢያ መነሣት ከጀመሩ በኋላ፣ በርከት ብለዋል። የሁሉም ጥያቄ የሚጀምረው ከምዝገባ ነው። ምዝገባው ቢሳካ እንኳ የሚያቆየው ግድግዳውን እንጂ አባትዎ ጠመኔ ይዘው ጨርቅ ላይ የሚያሰምሩትን አይደለም፤ ግድግዳው ደግሞ የእናንተ አይደለም። ስለዚህ ስለ ምዝገባው መነገር ያለበትን በቅድሚያ ልጨርስና ወደ ዋናው ጉዳይ ልለፍ።

ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን የሚተረጉመው ሰፋ አድርጎ ነው፤ ግዙፍነት ያለውንም የሌለውንም ይጨምራል፣ ከታሪክና ከሥነ ጥበብ ዋጋ ጎን የእጅ ሙያንም ያነሣል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 839 ደግሞ ቅርሶችን ብሔራዊና ክልላዊ ብሎ ይመድባል። በሕጉ ቃል ብቻ ከሄድን ለአባትዎ ሙያ በሩ አልተዘጋም ማለት ነው። በተግባር ግን በከተማችን ሲመዘገብ የኖረው በአመዛኙ ሕንፃ ነው፦ የመኳንንት መኖሪያ፣ ቤተ እምነት፣ የድሮ ሆቴል። ግዙፍነት በሌለው ቅርስም ረገድ ኢትዮጵያ የዩኔስኮን ስምምነት በ1998 ዓ.ም. ካጸደቀች በኋላ እስከ 2016 ዓ.ም. ድረስ በዓለም መዝገብ ያሰፈረቻቸው መስቀል፣ ፍቼ ጫምባላላ፣ የገዳ ሥርዓት፣ ጥምቀትና የሐረር ሹዋሊድ ናቸው። አራቱ በዓላት፣ አንዱ የአስተዳደር ሥርዓት ነው፤ የእጅ ሙያ በመካከላቸው አንድም የለም። ይህን የምለው ተስፋ ላስቆርጥዎ አይደለም። ለከተማው የባህል፣ ኪነ ጥበብና ቱሪዝም ቢሮ ማመልከቻ ያስገቡ፤ የሱቁን ታሪክ በሁለት ገጽ ጽፈው፣ የድሮና የአሁን ፎቶግራፍ አያይዘው፣ የገቢ ቁጥር ያለበትን ቅጂ ይዘው ይውጡ። ቢያንስ ቤቱ ከመነሣቱ በፊት እንዲህ ያለ ሱቅ እንደነበረ በመንግሥት መዝገብ ውስጥ አንድ ወረቀት ይኖራል። መልሱን እየጠበቁ ግን ሌላውን ሥራ አያቁሙ።

ከቅርስ ሕጉ ይልቅ የሚጠቅምዎ የንግድ ሕጉ ነው ብል ይገርምዎት ይሆናል። የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ «የንግድ መደብር» የሚለውን ሲተረጉም ግዙፍነት የሌለው ተንቀሳቃሽ ሀብት ያደርገዋል፤ በ2013 ዓ.ም. እሱን የተካው አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243፣ ይህን ሐሳብ ይዞ ቀጥሏል። በዚህ አነጋገር መደብር ማለት በር፣ መስኮትና ጣሪያ አይደለም፤ የንግድ ስሙ፣ መልካም ዝናው፣ የኪራይ መብቱ፣ መሣሪያውና ዕቃው አንድ ላይ ተያይዘው የሚሰጡት ዋጋ ነው። አንድ ደንበኛ ከቦሌ ታክሲ ተሳፍሮ፣ በመንገዱ ላይ ሃያ ልብስ ሰፊ አልፎ እናንተ ዘንድ የሚመጣበት ምክንያት ራሱ በሕግ ዘንድ ሀብት ነው። ወንድምዎ «ያለው ይሸጥ» ሲሉ ምናልባት የሚታያቸው ሁለትና ሦስት የሲንጀር መኪና፣ የካውያ ጠረጴዛና ጥቂት ጣቃ ጨርቅ ይሆናል፤ ያ ሁሉ ተሸጦ የሚገኘው ገንዘብ ለአንድ የአውሮፕላን ቲኬት መብቃቱን እጠራጠራለሁ። ዋጋ ያለው ሌላው ነው፤ እሱ ደግሞ ገበያ ላይ ከመውጣቱ በፊት ይተናል።

ሰባ ዓመት በአውሮፓ ወይም በጃፓን ሚዛን ብዙ አይደለም፤ በእኛ አገር ግን የከተማ ንግድ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ ሲሻገር ማየት ብርቅ ነው፤ ለዚህም ምክንያቱ ስንፍና አይደለም። ከሐረር ተነሥቶ እስከ አራዳ የተስፋፋው የሕንዶቹ የመሐመድ አሊ የንግድ ቤት በጣሊያን ወረራ ጊዜ፣ በ1929 ዓ.ም.፣ በወራሪው ትእዛዝ ተዘጋ። ከነጻነት በኋላ የተከፈቱት፣ የአያትዎን ሱቅ ጨምሮ፣ ገና ሁለተኛ ትውልድ ላይ ሳይደርሱ 1967 ዓ.ም. መጣ። በታኅሣሥ ባንኮችና ኢንሹራንሶች፣ በጥር ፋብሪካዎች፣ በሐምሌ 19 ቀን ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆኑ፤ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች ተሰጡ። ብዙ ነጋዴ በገዛ ሱቁ ተከራይ ሆኖ ማግስቱን ከፈተ። ለጥቆም ግለሰብ ከአንድ ንግድ በላይ እንዳይይዝ ሲደረግና የካፒታል ጣሪያ ሲጣልበት፣ ልጁን ከጎኑ አስቀምጦ ሁለተኛ ሱቅ ለመክፈት የሚያስብ አባት ሐሳቡን ተወ። አያትዎ የቤቱ ባለቤት ይሁኑ ተከራይ ከጻፉት አልተረዳሁም፤ የድሮ ካርታ፣ የግብር ደረሰኝ ወይም የኪራይ ውል ካለ ግን ከሁሉ አስቀድመው እሱን ይፈልጉ፤ የሱቁ ታሪክ ግማሹ እዚያ ላይ ነው።

ሌላው ምክንያት ከመንግሥት ሳይሆን ከእኛው ከራሳችን ነው። ለእጅ ሙያ ያለን ንቀት የቆየ ነው፤ ዳግማዊ ምኒልክ ባለሙያን በሙያው እየጠሩ መስደብን የሚከለክል አዋጅ ለማስነገር የተገደዱት በ1900 ዓ.ም. ነበር። አዋጁ ስድቡን እንጂ ስሜቱን አልሻረውም። የሠሩት ገንዘብ ልጆችን አስተምሮ ዶክተርና መሐንዲስ ሲያደርግ ልብስ ሰፊው «እኔ በመርፌ ያለፍኩትን ልጄ አያልፍባትም» ብሎ ይመርቃል። አባትዎም እንዲህ ብለውዎት ይሆናል፤ ምርቃቱ ከልብ ነበር፣ ሱቁ ወራሽ ያጣውም በዚሁ ምርቃት ነው። የተለየ መንገድ የያዙ ቤተሰቦችን ስንመለከት ሙያውን ቤት ውስጥ ያስተማሩ ናቸው። አርመናዊው ፎቶግራፍ አንሺ ቤድሮስ ቦያጅያን ምኒልክን አነሡ፤ ልጆቻቸው ሃይጋዝና ቶኒ በተራቸው የአባታቸውን ካሜራ ተረክበው በቤተ መንግሥቱ እስከ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ዘለቁ። የዚያን ዘመን መልክ ዛሬ የምናውቀው በከፊል በአንድ ቤተሰብ ዓይን ነው ማለት ይቻላል።

ከዚህ ጋር የተያያዘ፣ ብዙ ሰው የማያስተውለው የስም ጉዳይ አለ። ሌላው አገር የቤተሰብ ስም ስላለው ሱቁ በመሥራቹ ስም ቢጠራ የልጅ ልጅ ልጁም ያንኑ ስም ይዞ ይቆማል። የእኛ ሥርዓት ግን በየትውልዱ አንድ ስም ይጥላል። ደንበኞች ዛሬም ሱቁን የሚጠሩት በአያትዎ ስም መሆኑን ጽፈዋል፤ ንግድ ፈቃዱ ላይ ያ ስም ሁለተኛ ነው፣ በእርስዎ መታወቂያ ላይ ሦስተኛ ነው፣ በወንድምዎ ልጆች መታወቂያ ላይ ጭራሽ የለም። እርስዎ የሚወልዷቸው ደግሞ የአባታቸውንና የአያታቸውን ስለሚይዙ ከመጀመሪያውም አይደርሳቸውም። ስለዚህ የአያትዎ ስም በሕይወት የሚኖረው በወረቀት ላይ ስሙ የሱቁ ስም ተብሎ ሲሰፍር ብቻ ነው። ፈቃዱ ላይ የንግድ ስም የሚለው ቦታ ላይ ምን እንደተጻፈ ዛሬውኑ ይመልከቱ፤ የአባትዎ ሙሉ ስም ብቻ ተጽፎ ከሆነ፣ ሱቁ በሕግ የሚታወቀው ደንበኛ በማያውቀው ስም ነው። ምልክቱን በንግድ ምልክትነት በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማስመዝገብም ይቻላል፤ በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት ጥበቃው ለሰባት ዓመት ሆኖ በየሰባት ዓመቱ ይታደሳል። ሱቁ ተነሥቶ ወደ ሌላ ሠፈር ቢሄድ፣ ወይም ለሁለት ዓመት ቢዘጋ እንኳ፣ ስሙን ሌላ ሰው በር ላይ እንዳይለጥፈው ይህ ይረዳዎታል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ከቤቱ ውስጥ ምኑን እናስቀር ላሉት፣ ከሁሉ በፊት የልክ መዝገቡን እላለሁ፤ ነገር ግን አባትዎ አጠገቡ ተቀምጠው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የቆየ ልብስ ስፌት ቤት እንዲህ ያለ መዝገብ ስናነብ ከቁጥሮቹ ጎን በእርሳስ የተጻፉ ምልክቶች አጋጠሙን። ደረት 96፣ ወገብ 84፣ እጅጌ 61 ይልና በስተቀኝ «ግ.ዝ.» የሚል አለ፤ ከሥሩ ደግሞ አንድ ትንሽ ቀስት። የቤቱ የልጅ ልጅ ቀስቱን የዱቤ ምልክት ነው አለኝ፣ እኔም አምኜ በዝርዝሩ ውስጥ «ያልተከፈለ ሒሳብ» ብዬ ጻፍኩት። ማታ ሽማግሌው መጥተው ሲያዩት ሳቁብን። «ግ.ዝ.» ማለት የሰውየው ግራ ትከሻ ዝቅ ያለ ነው፣ ከውስጡ ተጨማሪ ጥጥ ይግባበት ማለት ነው፤ ቀስቱ ደግሞ ጎንበስ ብሎ የሚሄድ ስለሆነ የኮቱ ጀርባ በአንድ ጣት ይርዘም ማለት ነው፤ ካልረዘመ ኮቱ ከኋላ ይንጠለጠላል። ከዚያ በኋላ አርባ ገጽ ያህል አብረን አነበብን። እያንዳንዱ ገጽ ላይ የሰው አካሄድ ነበር። እሳቸው ባይኖሩ ኖሮ መዝገቡ የቁጥር ክምር፣ የእኔ ዝርዝር ደግሞ የሐሰት ክስ ሆኖ ይቀር ነበር።

ስለዚህ አባትዎን «የሕይወት ታሪክዎን ይንገሩን» ብለው ካሜራ ፊት አያስቀምጧቸው፤ እንዲህ ሲባሉ ሽማግሎች ስለ ጃንሆይ ዘመን ይናገራሉ እንጂ ስለ ኮት አይናገሩም። ይልቁንም አንድ ሙሉ ልብስ ከልክ እስከ መጨረሻው ካውያ ድረስ ይሥሩ። ስልኩ ከጠረጴዛው በላይ ተሰቅሎ እጃቸውን ብቻ ያሳይ፤ ፊታቸው የሚያስፈልገው ለቤተሰብ ነው። ለሦስት ዓይነት ሰው ልክ ይውሰዱ፦ ቀጥ ብሎ ለሚቆም፣ ለጎበጠና ሆዱ ለገፋ። ጥያቄ የሚጠየቀው እጃቸው ከሜትሩ ቁጥር ሲያፈነግጥ ብቻ ነው። ሜትሩ 44 ብሎ እሳቸው ጠመኔውን 45 ላይ ካሳረፉ ሙያቸው ያለው በዚያች አንድ ሳንቲ ሜትር ውስጥ ነውና «ለምን?» ይበሏቸው። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ጠዋት ጠዋት፣ ከአንድ ሰዓት ሳይበልጥ ይሁን፤ ጠመኔውን እሳቸው ይያዙ፣ መቀሱን ግን ለሠራተኛው ይስጡት። የዚህ ሠራተኛ ነገር ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ስለ ወረቀቱ ጥቂት ልበል። መዝገቡን፣ ደረሰኞቹን፣ የድሮ ፈቃዶቹንና ፎቶግራፎቹን በቀን ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ፣ ገጽ በገጽ ያንሡ፤ ቅጂው በሁለት ቦታ ይቀመጥ፤ አንዱ ወንድምዎ ዘንድ ቢሆን መልካም ነው፣ የቤቱ ጉዳይ የእሳቸውም እንዲሆን ያደርጋል። በፍቅር የሚበላሸው ወረቀት አይጥ ከሚበላው ይበልጣል። የተቀደደውን በስኮች አያጣብቁ፣ የድሮ ፈቃድን ላሚኔት አያስደርጉ፤ ስኮቹ በጥቂት ዓመት ቢጫ ሆኖ ቀለሙን ይዞ ይነሣል፣ ላሚኔት የተደረገውን ደግሞ መልሶ ማውጣት አይቻልም ማለት ይቀላል። ፎቶግራፍ ላይ በስተጀርባ በእርሳስ ብቻ፣ ሳይጫኑ ይጻፉ። ታጥቦ በደረቀ አቡጀዲ ጠቅልለው፣ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሙቀትና ከወለል እርጥበት ርቆ በሚገኝ ቦታ ያስቀምጡት። ዋናውን ቅጂ ቤት ማቆየት የማይችሉ ከሆነ በስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምን ወይም ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍትን ያነጋግሩ፤ ሲያስረክቡ ዝርዝር የያዘ መረከቢያ ሳይቀበሉ አይውጡ። አንድ ነገር አደራ፦ የልክ መዝገቡን ፌስቡክ ላይ እንዳያወጡት። የሰዎች ገላና የሰዎች ዱቤ ነው የተጻፈበት፤ አንዳንዶቹም በሕይወት አሉ።

ከዕቃው አባትዎ የተቀመጡበት አንድ መኪና ከነፔዳሉ፣ ትልቁ መቀስ፣ የካርቶን ሞዴሎቹና በሩ ላይ ያለው ሰሌዳ ይበቃሉ። ሰሌዳውን ለይቼ የማነሣው ስለቆጨኝ ነው። አንድ ሱቅ ሲነሣ ወረቀቱን ሁሉ ለቅመን፣ በእጅ የተጻፈውን የቆርቆሮ ሰሌዳ «ነገ በመኪና እንወስደዋለን» ብለን ግድግዳ አስደግፈነው ሄድን። በማግስቱ ቆራሌ በኪሎ ገዝቶት አገኘን፤ የሸጠው የቤቱ ትንሽ ልጅ ነበር፤ ጥፋቱ ግን የእኔ ነው። አሁን ሰሌዳ ካየሁ መጀመሪያ የማስፈታው እሱን ነው።

የውርሱን ነገር በአጭሩ ላልፈው፤ ዝርዝሩን ጠበቃ ይሥራው። በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ልጆች እኩል ይወርሳሉ፤ ፍትሐዊ ነው፤ ነገር ግን መኪና ለሁለት ይካፈላል፣ ስም አይካፈልም። አባትዎ በሕይወት ሳሉ መወሰን ያለበትም ለዚህ ነው። ኑዛዜ ቢጽፉ፣ በግልጽ የሚደረገው አራት ምስክሮች ይፈልጋል፤ በእጃቸው ጽፈው በሳጥን የሚያስቀምጡት ከሆነ ደግሞ በሰባት ዓመት ውስጥ ለውል አዋዋይ ወይም ለፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተሰጠ ፈራሽ ይሆናል፤ ይህችን የማያውቅ ቤተሰብ ብዙ ነው። ሌላው መንገድ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ማቋቋም ነው፤ ሁለት ሰው ይበቃዋል፣ እስከ ሃምሳ ይፈቀዳል። ወንድምዎ ዜግነት ቀይረው ከሆነም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ቢጫ ካርድ የምንለው፣ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መብት ስለሚሰጣቸው ባለድርሻ ከመሆን አያግዳቸውም። «እንካፈል» ያሉትን ሐሳብ ወደ «ድርሻ ልያዝ» መመለስ የሚቻል ይመስለኛል፤ ሰዎች ሽጡ የሚሉት ብዙ ጊዜ ሌላ ምርጫ ስላልቀረበላቸው ነው።

አሁን ወደ ሠራተኛው ልመለስ። በጽሑፍዎ መጨረሻ ላይ፣ እንደዋዛ፣ «ከአባታችን ጋር 22 ዓመት የቆየ አንድ ልጅ አለ፣ አባባ ነው የሚላቸው» ብለዋል። 22 ዓመት የቆየ ሰው ልጅ አይደለም። እርስዎ የሒሳብ ባለሙያ ነዎት፣ ወንድምዎ አሜሪካ ናቸው፤ የአያትዎን የኮት ቅድ በእጁ የያዘው፣ ምናልባትም የልክ መዝገቡን ምልክቶች ከአባትዎ ሌላ ማንበብ የሚችለው፣ እሱ ብቻ ነው። ሱቁ በተነሣ ማግስት ሌላ ቦታ ተቀጥሮ ቢሄድ መብቱ ነው፤ ያን ዕለት ግን ማመልከቻውም፣ ንግድ ምልክቱም፣ በአቡጀዲ የተጠቀለለው መዝገብም ባዶ ዕቃ ይሆናሉ። ጃፓኖች ወራሽ ሲያጡ ጎበዙን ሠራተኛ ወይም አማቻቸውን በጉዲፈቻ ልጅ አድርገው ሱቁን ያስረክቡታል፤ እኛ እዚያ ድረስ መሄድ አያስፈልገንም፣ ማኅበሩ ሲቋቋም ሦስተኛ ባለድርሻ ማድረግ ይበቃል። በገንዘብ የሚያዋጣው ባይኖረው ሙያው እንዴት በድርሻ እንደሚታሰብ ከጠበቃው ጋር ይነጋገሩ፤ ካልሆነም አባትዎ ከራሳቸው ድርሻ ቆርሰው ሊሰጡት ይችላሉ። ይህን ሐሳብ መጀመሪያ ለአባትዎ ብቻቸውን ያቅርቡላቸው እንጂ በቤተሰብ ስብሰባ ላይ አያንሡት፤ ምናልባት እሳቸው ከእርስዎ ቀድመው አስበውት፣ ልጆቼ ይቀየሙኛል ብለው ዝም ብለው ይሆናል። ወንድምዎ ሲመጡም ከውይይቱ በፊት አንድ ኮት ያሰፉ፤ ልኩን አባትዎ ይውሰዱ፣ ሠራተኛው ይቁረጠው፣ ሲለካም አብረው ይቁሙ።